ዋና መሐንዲሱና የማይዞረው ፋን

ፎቅ ያለው ሕንፃ ሁሉ አንድ ጠጋኝ አለው። መሠረቱ ሲቆፈር አብሮ የተተከለ ይመስላል። የተበላሸ ዕቃ ከሦስት በር ማዶ ይሸተዋል፤ ከእሱ በፊት ድምፁ ይገባል፦ «ቆይ፣ እኔ ልየው!» አየው ማለት ደግሞ ዕቃው አለቀለት ማለት ነው።

የዚህኛው ሕንፃ ጠጋኝ «ክቡር ዋና መሐንዲስ» ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ከእሳቸው ቤት በታች ይኖር የነበረው፣ አሁን በሕይወት የሌለው ጎረቤታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ነበር። ጡረታ በወጡ ማግስት ካርታውን ጠቅልለው ካቻቢቴ ጨበጡ፤ ሕንፃውም ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኘም።

ቧንቧ ጠገኑ፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ አለቀሰ። የልብስ ሰፊዋን ካውያ ሠሩላት፤ የሙሽራ ቀሚስ አቃጠለላት። የሁለት ጎረቤታሞች የበር ደወል አደሱ፤ አንዱ ቤት ሲደወል ሌላው ቤት እየጮኸ፣ ሰዎቹ ያልጠሩትን እንግዳ ሲቀበሉ ከረሙ። ከመክፈታቸው በፊት «ይኼ ቀላል ነገር ነው» ይላሉ። ከከፈቱ በኋላ ደግሞ ብሎኖቹን በኪሳቸው ከተው ፊታቸውን ያጠቁሩና «ችግሩ ሌላ ነው» ይላሉ። ሰው ራዲዮው ሲበላሽበት እንደ ሌባ ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ በደረጃው ጥግ ለጥግ መውረድ ጀመረ።

ወዶ የሚጠራቸው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ያ የታችኛው ጎረቤት ቤት። ሚስቱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ሰነድ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። እቤቷ ውስጥ ግን የሚበረክት ነገር ጠፋ። ዛሬ ደወሉ፣ በሳምንቱ ራዲዮኑ፣ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት።

«ምን ዓይነት እርግማን ነው እኛ ላይ የወረደው?» ትላለች።

«ዋና መሐንዲሱን ጥሪያቸው እስቲ። እጃቸው ወርቅ ነው» ይላታል ባሏ።

«ወርቅ? የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ ጠይቀው!»

እሱ ይስቃል። ሰውየው ይመጣሉ፤ እሑድን ሙሉ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ዓለም ወንዞች ያስተምራሉ። ማታ ላይ ዕቃው ይሠራል። በሕንፃው ውስጥ እሳቸው ነክተውት የዳነ ዕቃ የነበረው እዚህ ቤት ብቻ ነው። ነገሩ ይገርማት ነበር፤ ግን አልመረመረችውም።

አንድ ቀን ጠዋት ባሏ ኢንዳክሽን በሚሉት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ውኃ ጣደ። ምድጃው ትንሽ እንዳሞቀ ጢጥ ጢጥ ብሎ የስህተት ምልክት አሳየና ጠፋ። «የማቀዝቀዣው ፋን አይሰማም» አላት ኮት ሳይለብስ ወደ በሩ እየሄደ። «ከሥራ ስመለስ ዋና መሐንዲሱን እንጠራለን።»

አልተመለሰም። አውቶቡስ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ አለች።

ለቅሶ የደረሱት ሁሉ እየተሰናበቱ ወጡ። ቤቱ እንደነበረ ቀረ። ኮቱ ወንበሩ ላይ፣ መነጽሩ ራዲዮኑ ላይ፣ ምድጃው ከነድስቱ። በሙያዋ የመጀመሪያው ሕግ ይኼ ነው፤ ሰው ትቶት የሄደው ነገር ከተቀመጠበት ቅደም ተከተል አይናወጥም፤ አቀማመጡ ራሱ ማስረጃ ነው። እህቷ «ይኼን ቆሻሻ ጣይውና አዲስ ልግዛልሽ» ስትላት «እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸችባት። ዛሬ ምድጃው ከተነሣ ነገ ኮቱ ይነሣል። ከነገ ወዲያ ይኼ ቤት ውስጥ ሰው ነበረ የሚል ምን ይቀራል? ስለዚህ ደረቅ ዳቦ ትበላለች። አንዳንዴ እሱንም ትረሳዋለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዋና መሐንዲሱ የዕቃ ሣጥናቸውን ይዘው መጡ። እሷን ላለማየት ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፤ በመጨረሻ ዓይናቸው ምድጃው ላይ አረፈ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ምድጃ አቧራ ይለብሳል? ምን እየበላሽ ነው?»

«ዳቦ።»

«ቆይ፣ እኔ ልየው።»

«አይነካም ጋሼ!»

«አልነካውም፣ የኔ ልጅ። ልጠይቅሽ ብቻ። ሲበራ ነፋስ ነገር ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«እንግዲያው ፋኑ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚያስወጣለት ሲያጣ፣ እንዳይቃጠል ቀድሞ ይጮህና ራሱን ያጠፋል። ከሰው ይሻላል» አሉ። አፋቸው እንዳመለጣቸው ሲገባቸው ካቻቢቴያቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ከብዙ ቀን በኋላ ቤቷ ውስጥ እውነት የተናገረ ሰው እሳቸው ነበሩ። ነጭ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እያንዳንዱ ብሎን በወጣበት ተራ እዚህ ይቀመጣል። ኪስ የለም።»

«እሺ፣ እመቤቴ» አሉ፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ።

ስፒናውን ከሶኬቱ ነቀሉ። «ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ቶሎ አይጠፋም» ብለው አስጠበቋት። ከዚያ ከፈቱት። ፋኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ እንደ ልቡ ዞረ። አቧራውን እፍ አሉለት፤ ያን ያህልም አልነበረበትም። «ችግሩ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ጎንበስ አለች። ወደ ፋኑ የሚሄደው ሽቦ ከመሰኪያው ወጥቷል። ጫፉ በሰማያዊ ናስትሮ ተጠቅልሏል። የሚጣበቀው ናስትሮ ጥግ ደግሞ ለመላጥ እንዲመች ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ የሚያጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነው የምታውቀው፤ የዱቄቱንም ከረጢት፣ የፖስታውንም እሽግ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

«ራሱ ወጥቶ ይሆናል» አለች፤ ድምፅዋ ግን አላመናትም።

«የመሰኪያውን ጥርስ ካልተጫኑት አይወጣም። ቢወጣስ ራሱን ናስትሮ ያለብሳል?» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

«ምኑን?»

«ደወሉን፣ ራዲዮኑን፣ መብራቱን። ሁሉንም እንዲህ ፈትቶ፣ ጠቅልሎ ያስቀምጥልኝ ነበር።»

«ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ አንድ ሽቦ ለመሰካት እሑድን ሙሉ!… ለምን አይነግሩትም?»

«ብነግረው መቼ ይጠራኛል?» ካቻቢቴውን አገላበጡት። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የሰው በር ማንኳኳት ከበደኝ። ምን ፈልገህ መጣህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ዕቃ ሲበላሽ ግን ተጠርቼ ነው የምገባው።»

የሽቦውን ጫፍ በጣታቸው አነሡት።

«ልሰካው?» አሉ በመጨረሻ። «ወይስ እንዳለ ልክደነው? አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ሽቦውን አየችው። ባሏ በእጁ የሠራው የመጨረሻ ነገር ይኼ ነው። ከተሰካ የለም። እንዲሁ ተከድኖ ቢቀመጥ ግን ምድጃው ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀረው ግብዣ ነው፤ የተጋበዙት ሰው ደግሞ ይኸው አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«እኔ ልሰካው» አለች።

የታጠፈውን ጥግ ይዛ ናስትሮውን ላጠችው። እሳቸው በጣታቸው አሳዩዋት፤ እሷ ቀጭ እስኪል ተጫነችው። ብሎኖቹን በተራቸው መለሱ። ወረቀቱ ላይ አንድ ተረፈ።

«ጋሼ!»

«ሁሌም አንድ ይተርፋል» አሉ በሙሉ ክብር።

ውኃ ጣደች። ፋኑ ተነሣ፤ ያ የምታውቀው እርር የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። ውኃው ፈላ። ስታጠፋው ፋኑ እንደ ልማዱ ብቻውን ትንሽ ዞረ፣ ደከመ፣ ቆመ። ከቆመ በኋላ ማንም ማንንም አላጽናናም። ሻይ ጠጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወንበሩ ኮቱን አነሣችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ኪሱ ውስጥ የናስትሮው ጥቅል ነበር። ይዛው ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥታ ወደ ላይ ተጣራች፦

«ጋሼ! የበር ደወሉ እንቢ አለኝ!»

«ቆይ፣ እኔ ልየው!» የሣጥኑ ኳኳታ ከእሳቸው ቀድሞ ወረደ።

የደወሉን ክዳን ከፈቱ። ውስጡ ሽቦው ተፈትቷል፤ ጫፉ በሰማያዊ ናስትሮ ተጠቅልሏል። አጠቃለሉ ግን የጀማሪ ነው፤ ጥግ የለውም፣ ድርብርብ ነው፣ በጥፍርም አይላጥም። ዋና መሐንዲሱ ብዙ አዩት። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ይኼስ» አሉ፣ «ቀላል ነገር አይደለም። ነገም መምጣቴ ነው።»

እሷ ውኃ ልትጥድ ገባች።