ጥላዬ የገባበት ግቢ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው በደጃችሁ ሲያልፍ ሰላም ሳይላችሁ ቢሄድ ትቀየማላችሁ አይደል? ልክ ናችሁ፤ እኔም እቀየማለሁ። ከጣሪያችሁ በላይ ቢያልፍስ? አየር ላይ፣ በሆዱ ተንጠልጥሎ ቢያልፍስ? ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ሲቀርብልኝ ስቄ ነበር። አሁን አልስቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆሳዕና ውስጥ የበራሪዎች ክለብ አለን። በራሪ ስላችሁ ታዲያ አውሮፕላን እንዳይመስላችሁ። ሞተር የለው፣ ወንበር የለው። በአሉሚኒየም ዘንግ ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። ከሥሩ በቀበቶ ትንጠለጠላላችሁ፣ ፊት ለፊት ያለውን ብረት ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ከገደል አፋፍ ሮጣችሁ ትዘላላችሁ። የቀረውን ነፋሱ ይሠራዋል። እኛ በአጭሩ ክንፍ እንለዋለን። ለመንገድ ሥራ መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አስተማረንና ሲሄድ ክንፉን ትቶልን ሄደ።

ያኔ ብዙ ነበርን። ያገባውን ሚስቱ ከለከለችው፣ የወለደው ራሱን ከለከለ፣ አሁን የቀረነው ሦስት ነን። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኤርጫፎ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ወገባቸው ስለማይፈቅድላቸው አይበሩም። ነፋሱን ያጠናሉ፣ ጸሎት ይመራሉ። ሁለተኛዋ አስቴር ነርስ ነች፤ ከእኛ መሐል በደንብ መብረር የምትችለው እሷ ብቻ ነች። ሦስተኛው እኔ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስብሰባ የምቀመጥ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ዶዮገና እንሳፈራለን። እዚያ ሁልጊዜ የሚገጥመን ነገር አለ። ክንፉ ሲጠቀለል ረጅም ሸራ ይሆናል፣ የዘንጉ ጫፍም ከዳር ብቅ ይላል። የእኛ ከተማ ሰው እንዲህ ያለ ጥቅል ሲያይ የሚያስበው የለቅሶ ድንኳን ነው። ተሸካሚዎቹ ገና ሲያዩን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ዶዮገና! ዶዮገና!" እያሉ የሚጠሩት ሁሉ መጥራታቸውን ትተው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይሉናል። ጋሽ ኤርጫፎ መጀመሪያ ላይ ለማስረዳት ይሞክሩ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ማን ሞቶባቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ገና ማንም አልሞተም፣ ከገደል ልንዘል እየሄድን ነው ቢሏት እዚያው አለቀሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ "አሜን" ብለን ዝም ብለን እንሳፈራለን።

የምንነሳበት አፋፍ ከዶዮገና ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አፋፉ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ በኩል ቁልቁል የእናቴ ቀበሌ ነው፤ ከምባታ። በሌላው በኩል የአስቴር ወላጆች የሚኖሩበት ነው፤ ሀዲያ። አስቴር ታዲያ ሁልጊዜ የምትበረው በእኛ በኩል ነው። ለምን በእናንተ በኩል አትሞክሪም ብዬ ብጠይቃት ነፋሱ አይመችም አለችኝ። ጋሽ ኤርጫፎ ግን ነፋሱ በሁለቱም በኩል ያው ነው ይላሉ። እኔም አልጨቀጨቅኋትም።

ያለፈው ቅዳሜ እንዴት ያለ ቀን ነበር መሰላችሁ! እግሬ መሬት ሲለቅ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ድምፅ ነው። የራሴ ሩጫ፣ የጋሽ ኤርጫፎ "በርታ! በርታ!"፣ ሁሉም ከኋላዬ ይቀራል። ከዚያ ሸራው በቀስታ ሲንሿሿ ብቻ ይሰማኛል። ከታች እንሰቱ ቤቶቹን ከቦ ቆሟል። ከሣር ጣሪያው ውስጥ ጢሱ ሾልኮ ይወጣና የት እንደሚሄድ ያልወሰነ ይመስል እዚያው ያንዣብባል። ጥላዬ ከእኔ በታች ነው የሚሄደው። አጥር አያግደው፣ ውሻ አይጮህበት፤ ከድንች ማሳ ወደ ገብስ፣ ከገብስ ወደ ሰው ግቢ ይሻገራል። እዚያ ላይ ሆኜ ስብሰባ የሚባል ነገር መኖሩን እረሳለሁ። ስሜን ራሱ ብትጠይቁኝ ትንሽ የማስብ ይመስለኛል። እንደ ልማዴ አፋፉ ሥር ባለው የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ላይ አረፍኩ። ደስ ብሎኛል፤ የአንድ ሳምንት ድካም ወጥቶልኛል።

ገና ክንፉን ሳልጠቀልል እናቴ ደወለች።

አክስቴ ማርታ ተቀይማለች። ጉዳዩን እናቴ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። አክስቴ ግቢዋ ውስጥ እንሰት ስትፍቅ ቀና ስትል እኔን አየችኝ። ሥራዋን አቆመች፣ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነስታ "እንደምን ዋልክ?" አለች። እኔ ምን አልኩ? ምንም። አለፍኩ።

እማዬ፣ እዚያ ላይ እኮ አይሰማም አልኳት።

"ጥላህ ግቢዋ ገብቷል" አለችኝ። "በበሩ ሳይሆን በአጥር ገባ፣ ቤቷን ዞረ፣ ወጣ። አንተ ግን ሰላም አላልካትም።"

ክንፉን ይዤ መብረር ከጀመርኩ ጀምሮ እናቴ ትወድቃለህ ብላኝ አታውቅም። እኔም የምትፈራ እየመሰለኝ ስንት ቀን ላጽናናት ሞክሬያለሁ። ለካ ያስጨነቃት ሌላ ነው።

"መውደቁን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ" አለች። "ንቀቱን ግን ለማን ልስጠው?"

ከዚያ ፈረደች። ነገ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ እየበረርኩ መጥቼ እሷ ደጅ ያለው መስክ ላይ አርፋለሁ። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ ወደ እናቱ ሲቸኩል ነው ትላለች። ወደ እናቱ የሚቸኩልን ልጅ ማንም አይቀየምም። መስኩ ላይ ካልደረስኩ ግን ያንን ድንኳኔን ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ሁለተኛም አልበርም።

ልብ በሉ፤ ጎልማሳ ሰው ነኝ። መንግሥት ደመወዝ ይከፍለኛል። ግን እናቴ እንዲህ ብላ ከፈረደች ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። መብረር ከቀረብኝ ቅዳሜና እሑድን ከሰኞ የሚለይልኝ ምን አለ?

ችግሩ የእናቴ መስክ ሩቅ መሆኑ ነው። ከሸለቆው ማዶ ጥግ ላይ ነው፣ ከክለቡ እዚያ የደረሰ የለም። በዚህ ክንፍ ስትዞሩ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ እዚያ ለመድረስ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ያለው ዘመድ ብቻ ነው። አክስቴ ማርታ አለች፣ አጎቴ አለ፣ የአጎቴ አማቾች አሉ፣ የክርስትና ትምህርት ያስተማሩኝ ሽማግሌ አሉ።

"ማንንም አትይ" አለችኝ አስቴር። "የምታርፍበትን ብቻ እይ። ቀና ላለልህ ሰው ሁሉ ልዙርለት ካልክ የአክስትህ ድንች ማሳ ውስጥ ነው የምትቀረው።"

እሑድ ከሰዓት አፋፉ ላይ ወጣን። ጋሽ ኤርጫፎ ነፋስ የሚያዩበት እንጨት አላቸው፤ ጫፉ ላይ ፌስታል ታስሯል። ፌስታሉ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ከዚህ የተሻለ ነፋስ አይገኝም። እንጸልይ አሉ።

ያለ ጸሎት አንነሳም፣ ልነሳም አልፈልግም። ግን የጋሽ ኤርጫፎን ጸሎት አታውቁትም። ለአገር ሰላም ጸለዩ። ለዝናቡ ጸለዩ። ለተማሪዎቻቸው፣ ለታመሙት፣ ለመንገደኞች፣ ለመሐንዲሱ፣ ለመሐንዲሱ ቤተሰብ። በአንድ ዓይኔ ፌስታሉን አየሁት። ዝቅ ማለት ጀምሯል። ዓይኔን ስመልስ አስቴርም በአንድ ዓይኗ ፌስታሉን እያየች ነበር። ተያየን። ሳቃችንን እንዴት እንደዋጥነው አላውቅም። ነፋሱ እየሄደብኝ ነው፣ እኔ ግን ጸሎቱ ትንሽ ቢረዝም ብዬ ተመኘሁ።

አሜን ሲባል ለአንድ ሰው የሚበቃ ነፋስ ብቻ ቀርቶ ነበር። ተራው የአስቴር ነበር። "ሂድ" አለችኝና ክንፉን ከኋላ ያዘችልኝ።

ሮጥኩ። ድምፁ ሁሉ ጠፋ።

ከታች ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በየጠባቧ መንገድ እየገባ ነበር። ነጠላው ሁሉ ነጭ ነው፤ አረንጓዴው ውስጥ ቀስ እያለ ይፈሳል። አንድ ሰው ቆመ። ሌላው ቆመ። ቀና አሉ። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ። አክስቴ ማርታ ግቢዋ መሐል ቆማለች፣ ዛሬ አውቃ ነው የወጣችው። እጇን አነሳችልኝ። ልቤ ወደ እሷ ሄደ። ትንሽ ዘንበል ብል፣ አንዴ ብቻ ብዞርላት! ብረቱን ጨብጬ ቀጥ አልኩ። "እንደምን ዋላችሁ!" ብዬ ጮህኩ፤ ነፋሱ ከአፌ ላይ ወሰደብኝ። ጥላዬ ዛሬም በአጥሯ ገብቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ነበረች። መሬቱ ወደ እኔ አልመጣም፣ እኔም ወደ መሬቱ የሄድኩ አይመስለኝም፤ ሁለታችንም እንቅልፍ የያዘን ይመስል ቀስ ብለን ተገናኘን። ዓይኔን ስገልጥ የእናቴ ጥጃ እያሸተተኝ ነው። ሰው ያጨበጭባል። ደረስኩ! ማልቀስ ቃጣኝ።

እናቴ መጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ።

"ማርታን ሰላም አልካት?"

አይ፣ ጮኼ ነበር ግን...

"አጎትህንስ?"

ነጠላዋን አጣፋች።

"ና" አለች።

በአየር የመጣሁበትን መንገድ በእግር ተመለስን። ቤት ለቤት! አጎቴ ቤት ቆጮ በጎመን። የአማቾቹ ቤት ቆጮ በአይብ። የሽማግሌው ቤት ምግብና ሌላ ጸሎት። አክስቴ ማርታ የቡላ ገንፎ በቅቤ አቀረበችልኝ፤ እየበላሁ ከአጠገቤ አልተነሳችም። እዚያ ላይ ሆኜ ግቢዋ እንዴት እንደሚታይ ጠየቀችኝ። ያምራል አልኳት። ይቅር አለችኝ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል አፋፉ ላይ ደረስን። እናቴ ዳገት አትፈራም። ጋሽ ኤርጫፎና አስቴር እዚያው ነበሩ፤ ከላይ ሆነው ከቤት ወደ ቤት ስንገባ ሲያዩን ውለዋል።

እናቴ ወደ ሸለቆው ዞረች። ቤቷን ከላይ አይታው አታውቅም። ፈለገችው፣ አገኘችው። ጢሱ በየጣሪያው ላይ ተዘርግቷል። ትንሽ ነፋስ መጣና ነጠላዋን ወጠረው።

"እንዲህ ነው የምታየን?" አለች ቀስ ብላ።

አዎ እማዬ።

ሳያት ፊቷ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። በዚያች ሰዓት ክንፉ ቢኖር ኖሮ ይዛው የምትዘል መሰለኝ። ከዚያ አፋፉን ተሻግራ ወደ ሌላው ፊት ሄደች፣ ወደ ሀዲያው በኩል፣ ያንንም አየችው።

"በዚህ በኩል ዘመድ አለን?"

የለንም አልኳት።

"እንግዲያው ብረር" አለች። "ግን ከእንግዲህ በዚህ በኩል ብረር። እዚህ የሚያውቅህም የለ፣ የሚቀየምህም የለ። እኔም እሑድ እሑድ እግሬ ይረፍ።"

አስቴር ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀች ነው። ነፋሱ አይመችም ያለችኝ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እሺ እማዬ አልኳት። ፈቃዱ የሚያገለግለው እስከ ፋሲካ ብቻ መሆኑን ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? ከፋሲካ በኋላ በዚያ በኩል፣ ወደ አስቴር አባት ቤት፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።