መዝገብ ታቅፎ መጠበቅ

የንብረት ጠባቂዋ የዕለት ሥራ፦
በር መክፈት።
ዕቃ አስፈርሞ መስጠት።
ዕቃ አስፈርሞ መረከብ።
ያረጀውን ከመዝገብ መሰረዝ።
በር መቆለፍ።

[የኮምፒውተር ክፍል። መሐንዲሱ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። በዕድሜ የገፉት ንብረት ጠባቂ፣ እትዬ፣ መዝገብና የቁልፍ ዘለላ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል።]

እትዬ፦ የወሰድከውን ካቻቪቴዬን!

መሐንዲሱ፦ በሞቴ እትዬ፣ ይተዉኝ! ቁልፍ ተጣብቆብኛል። እስከ ስድስት ሰዓት ካላስለቀቅሁት አለቃ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ነው።

እትዬ፦ የበር ነው የሸሚዝ?

መሐንዲሱ፦ የፕሮግራም! ይኸውልዎ፣ ይህ ፕሮግራም አንዱን ኮምፒውተር ከፋፍሎ ብዙ እንግዳ ያስተናግድበታል።

እትዬ፦ ብዙ እንግዳ? በአንድ ወንበር?

መሐንዲሱ፦ [ራሱን ይዞ] እንግዶቹም በፕሮግራም የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው! ከአንዱ እንግዳ ላይ ዲስክ ሲነቀል፣ ነቃዩ የፕሮግራሙ ክፍል የዲስኮቹን መዝገብ ይቆልፍና ዲስኩን ለሥራ የወሰደው ሌላ ክፍል እስኪመልስ ይጠብቃል።

እትዬ፦ ደግ። ይመልሳላ።

መሐንዲሱ፦ እንዴት አድርጎ? ለመመለስ መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት፤ መዝገቡ ደግሞ ተቆልፏል!

እትዬ፦ ማን ቆለፈው?

መሐንዲሱ፦ ነቃዩ።

እትዬ፦ የሚጠብቀውስ ማነው?

መሐንዲሱ፦ እሱው ነቃዩ!

እትዬ፦ [እየሳቁ] በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ «እንግዳዬ ምነው ዘገየ» ይላል በለኛ!

መሐንዲሱ፦ አይሳቁ። ይህ የዲግሪ ጉዳይ ነው፤ በመጋዘን ቁልፍ አይከፈትም።

እትዬ፦ እኔማ ዕቃ ስሰርዝ መዝገቡን አነሣና «ከእንግዲህ አይወጣም» ብዬ እጽፍበታለሁ። ከዚያ መዝገቡን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። የወሰደው መጥቶ ፈርሞ ሲመልስ፣ ያን ጊዜ መልሼ አነሣና እሰርዛለሁ። መዝገብ ታቅፎ የሚጠብቅ፣ ልጄ፣ እብድ ነው።

[መሐንዲሱ ሦስት የፕሮግራም መስመር ከቦታቸው ያዛውራል። ይሞክራል። ደግሞ ይሞክራል።]

መሐንዲሱ፦ ዲስኩ ተነቀለ! እትዬ፣ ተነቀለ እኮ!

እትዬ፦ እሰይ። ካቻቪቴዬን።

መሐንዲሱ፦ መሳቢያው ውስጥ ነው።

እትዬ፦ ክፈተዋ!

መሐንዲሱ፦ ተቆልፏል። ቁልፉም... ውስጥ ነው።

እትዬ፦ እና በምን ልትከፍተው አስበህ ነበር?

መሐንዲሱ፦ [አቀርቅሮ] በካቻቪቴው።

[እትዬ አንዲት የመጋዘን ቁልፍ ከዘለላው መዘው መሳቢያውን ከፈቱ። መሐንዲሱ ፈረመ። ካቻቪቴው ከነእጀታው ተመልሷል፤ መሐንዲሱ ዕዳ የለበትም።]