ዝናብ ሸሽቼ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ተገኘሁ

እናንተዬ፣ ዛሬ የሞተ ሰው ትዳር ላፈርስ ነበር!

አዎ፣ የሞተ። ሰውየውን በሕይወት ዘመኔ አይቻቸው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲግናል አካባቢ የሥራ ኢንተርቪው ነበረኝ። ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ። ፕሮፌሽናል ልመስል ነዋ! ማስካራም ተቀብቻለሁ።

"እንደውልልሻለን" ተባልኩና (ትርጉሙን ታውቁታላችሁ) በእግሬ ወደ መገናኛ መሄድ ጀመርኩ። ፀሐይ ነው። እንጦጦ በኩል ብቻ ሰማዩ ከሰል መስሏል። እዚያ ቢዘንብ እኔን ምን አገባኝ ብዬ ናቅኩት።

መንገዱን ሳላጋምስ ወረደብኝ! በረዶ የቀላቀለ የሚያዝያ ዶፍ!

የሱቆቹ በረንዳ በሰው ታጭቋል። ወደ ሰፈር ውስጥ ዞር ስል ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። ሮጥኩ።

በሩ ላይ ጭቃው አዳለጠኝ።

አወዳደቄን ባያችሁ! እጄን ዘርግቼ፣ "ወይኔ!" ብዬ ጮኬ፣ ድንኳኑ መሃል በደረቴ ተዘረርኩ።

ቀና ስል ግራና ቀኝ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ተደርድረዋል። ፊት ለፊት የአንድ ሽማግሌ ፎቶ።

ለቅሶ ቤት ነው።

እኔ ደግሞ ጥቁር በጥቁር ነኝ። ማስካራዬ አገጬ ደርሷል። መሬት ላይ ተዘርሬ "ወይኔ" እላለሁ። እስቲ አስቡት!

ረገብ ብሎ የነበረው ለቅሶ በእኔ ምክንያት እንደ አዲስ ተነሳ። ሰዎች ብብቴን ይዘው አነሱኝ። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ምን ይደረግ፣ የሁላችንም መንገድ ነው!" ከፊት አስቀምጠው ንፍሮ በእጄ አስጨበጡኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን እናንተስ በዚያ ሰዓት "ይቅርታ፣ ዝናብ ነው ያስገባኝ" ትሉ ነበር? እኔ ንፍሮዬን በላሁ። ሲያባራ ሾልኬ ልወጣ።

አላባራም!

ጭራሽ ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ፣ ቆሻሻውንና ድንጋዩን እየነዳ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አሮጊቶቹን ተሸክመን ወንበር ላይ አወጣናቸው፣ እኛም ተከትለን ወጣን። የለቀስተኛው ነጠላ ጫማ ተንሳፍፎ ሄደ። መውጫ የለም። ከፍ ብዬ በመቆሜ ደግሞ ለሁሉም በደንብ ታየሁ።

በተለይ ለሟች እህት፣ እትዬ ብርቄ ለሚሏቸው። እኔን ያያሉ፣ ፎቶውን ያያሉ፣ መልሰው እኔን። ከዚያ ጎናቸው ላለችው ሴት ሹክ አሉ። ሹክሹክታቸው ግን ማይክራፎን አያስፈልገውም።

"አፍንጫዋን አየሽው? የወንድሜ የደምሰው አፍንጫ!"

ወይ ጉዴ! ከትዳር ውጪ የተወለድኩ ልጅ ሆኜ አረፍኩት!

ወሬው ከወንበር ወንበር ዞሮ የሟች ባለቤት እማማ አስካለ ጋ ደረሰ። እንባቸው ቆመ። ዞር ብለው የባላቸውን ፎቶ አዩት። አስተያየታቸውን ለጠላቴም አልመኝም።

"የኔ ልጅ፣" አሉኝ፣ "እናትሽ ማን ትባላለች?"

ሁሉም አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ። ጎርፉ ብቻ ይጮሃል።

ምስኪን እናቴ እቤቷ ተቀምጣ እዚህ ስሟ ሊጠፋ ነው! ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"እማማ፣ እኔ ባለቤትዎን አላውቃቸውም። ከዝናብ ልጠለል ነው የገባሁት። የወደቅኩትም ጭቃው አዳልጦኝ ነው።"

"እንባውስ?" አሉ እትዬ ብርቄ፣ ተስፋ ሳይቆርጡ።

"ማስካራ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መሬቱ ግን ውሃ ውስጥ ነው።

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳቸው ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቁ ነው!

"ውይ ልጄ! ይሄን ሁሉ ጊዜ በሆዴ ስሰድበው ነበር እኮ! ያላልኩት የለም!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

ውሃው ሲጎድል እማማ አስካለ እጄን ይዘው በባዶ እግራችን ፎቶው ጋ ወሰዱኝ። "በይ ይቅርታ ጠይቂው። እኔም አለብኝ።"

"ጋሽ ደምሰው፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

 እማማ አስካለ የፎቶው መስታወት ላይ የተረጨውን ጭቃ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አንተዬ፣ መልስ መስጠት በማትችልበት ሰዓት ጠረጠርኩህ አይደል?" አሉት።

እዚህ ላይ የእውነት አለቀስኩ።

"ለአርባው እንዳትቀሪ" ብለው አስምለው ለቀቁኝ። እትዬ ብርቄ እስከ በር ሸኙኝ። ደግ ናቸው ብዬ ላመሰግን ስል ጆሮዬ ስር ተጠግተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ለማንኛውም እናትሽን ጠይቂያት።"

አሁን እቤት ነኝ። እናቴ እራት እያቀረበች "ምነው ዛሬ ትክ ብለሽ ታዪኛለሽ?" ትለኛለች።

እናንተ ብትሆኑ ትጠይቋት ነበር?