ቦዩ መቼ ይቆፈር?

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «የሁሉ የሆነውን በሬ የማንም ጅብ ይበላዋል» ይል ነበር። ጅቡ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሊሆን እንደሚችል ግን አልነገረኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ከሐይቁ በላይ ያለውን የጋራ እርሻ ጎርፍ እንዳይወስደው የሚመክር ኮሚቴ አቋቋመ። እኔን የመረጡኝ ፊደል ቆጥሬ እንዳይመስላችሁ። ሊቀመንበሩ፣ «ይህ ሰው ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት የሚነቃ ነው፤ ስብሰባ ላይ አያንቀላፋም» ብሎ ነው። እኔም እሺ ያልኩት ለአብዮቱ ብዬ አይደለም። ከጋራው እርሻ ቁልቁል ያለችው ጤፍ የእኔ ናት። ጎርፍ ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።

መፍትሔው አንድ ቦይ ነበር፤ ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት የሚጨርሰው! «ዛሬውኑ እንቆፍር» ብል፣ አያ በላቸው የሚባለው የኮሚቴ ጓዴ፣ «ኧረ ዛሬ ሚካኤል ነው!» አለኝ። የጎረቤቴን ታቦት አልሽርም፤ ተውነው። ማግስቱ ጁምዓ ሆነ። አሁን ደግሞ በላቸው ራሱ፣ «እናንተ ሶላት ላይ እያላችሁ እኛ ዶማ ብናነሳ ነውር አይደል?» ብሎ ቀረ። ከዚያ እስጢፋኖስ፣ ከዚያ ገብርኤል፣ ከዚያ ማርያም። በመሀል ያሉት ባዶ ቀናትስ? እነሱንማ፣ ቦዩ መቼ ይቆፈር ብለን ስንሰበሰብ ጨረስናቸው። በአገሩ በዓል የማያከብር ጎርፉ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ዶማዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ከሩቅ፣ «አንተ ሰውዬ! ያለ ኮሚቴው ውሳኔ የሕዝብ አፈር ይነካል?» ብሎ ጮኸ። ተመለስኩና ዱዓ ያዝኩ። ዝናቡን ከልክልልኝ ማለት አገር ያስቆጣል፤ «በልኩ አድርግልን» አልኩ። ልኩ ስንት እንደሆነ ግን ሳልናገር ቀረሁ።

በማርያም ማግስት ጎርፉ መጣ። የጋራውን እርሻ እንደ በግ ቆዳ ገፎ አወረደና ጤፌን አለበሳት። ክንድ ሙሉ ጥቁር አፈር! የልጆቼ የዓመት እንጀራ ከሥሩ ተቀበረ። አለቀስኩ፤ ቀጥሎ አሰብኩ። አልሃምዱሊላህ፣ አፈሩ ለም ነው፤ አርሼ ሽምብራ ብዘራበት ልጆቼ ከርሃብ ይተርፋሉ። በሬዎቼን ጠምጄ ወጣሁ።

ገና አንድ ትልም ሳላወጣ፣ ጉዳቱን ሊያይ ከአውራጃ የተላከ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው ደረሰ። ላይ የቀረውን ራቁት ድንጋይ አየ፤ ታች ያለውን ጥቁር አፈር አየ፤ በሬዎቼን አየ። ሊያዝንልኝ ነው ብዬ ጥምጣሜን አስተካከልኩ። እጁን ትከሻዬ ላይ አኑሮ፣ በትሕትና፣ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ ይህ የሕዝብ አፈር ነው፤ ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ እንዳይነኩት።»