የአባባ በር ጠባቂ

ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ቀላል ነው፤ ተንበርክኮ ዓይንን መጨፈን ይበቃል። የሚከብደው ወደ ፓስተሩ መቅረብ ነው። በየትልልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ በፓስተሩና በምእመኑ መካከል፣ የኢባዳን ፀሐይ አናት ሲበሳ እንኳ ጥቁር ሙሉ ልብሱን የማያወልቅ አንድ ሰው አለ። የእኛው ወንድም ላንሬ ይባላል፦ የአባባ የግል ረዳት፣ የጥበቃዎች አለቃ፣ የመጽሐፍ ቅዱሳቸው፣ የመሐረባቸውና የስልካቸው ተሸካሚ። አባባ የምንለው ፓስተራችንን ነው።

ክቡር ላንሬ ሁለት ሕጎች አሉት። ከስብከት በፊት አባባን ማናገር ክልክል ነው፤ "ቅባቱ ይፈስሳል።" ከስብከት በኋላም ክልክል ነው፤ "ቅባቱ ፈስሶ አልቋል።"

አንድ እሑድ የአባባ ታናሽ ወንድም ከሌጎስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ላንሬ ፊቱን በጥሞና አጠናና፣ "መልክዎ ቁርጥ እሳቸውን ነው። መልክ ግን ቀጠሮ አይሆንም" ብሎ መለሰው። ሌላ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ኤሌክትሪሻኑ ወደ መድረኩ ሊወጣ ሲል እጁን ዘርግቶ አገደው። አባባ ግማሹን ስብከት ለራሳቸው ሰበኩ።

እማማ አቤኬ ደግሞ በየእሑዱ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ።

"ልጄ፣ እጃቸውን ብቻ ይጫኑብኝ።"

"በመንፈስ ጭነውብዎታል እማማ። ይሂዱ።"

"ታዲያ ጉልበቴ ምነው አልሰማ?"

ላንሬ አይስቅም። ስንት ሰው ከዚያ በር ልቡ ተሰብሮ እንደተመለሰ ባሰብኩ ቁጥር፣ ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ራሱ ደጅ ቢጠና ብዬ እመኝ ነበር።

ምኞቴ ደረሰ። ሚስቱ ሞሩንኬ ብዙ ዓመት ከጠበቀች በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። እኛ ዘንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ስም ይወጣለታል። አማቱ ስም አዘጋጅተው ነበር፤ ላንሬ ግን፣ "ስሙን አባባ ይዘውት ይመጣሉ" ብሎ ለዘመድም ለጎረቤትም አወጀ። የቀረው ለአባባ መንገር ብቻ ነበር።

እሑድ ከስብከት በፊት ለአባባ የመኪናቸውን በር ከፈተላቸው። አፉንም ከፈተ፤ ሁለቱንም ዘጋ። ከስብከት በኋላም እንዲሁ። መኪና ማቆሚያው ጥግ ሆኖ በራሱ ስልክ ለአባባ መልእክት ሲጽፍ ደረስኩበት። ላከው። ወዲያው የደረት ኪሱ ጮኸ፤ የአባባ ስልክ ያለው እሱ ጋ ነዋ።

አውጥቶ እንደ ማንም ሰው ጉዳይ በጥንቃቄ አነበበውና ለሁላችንም የሚመልሰውን መለሰ፦ "መልእክትዎ ደርሶናል። አባባ እየጸለዩልዎ ነው።" የራሱ ስልክ በእጁ ላይ ጮኸ።

"አንተ ሰውዬ፣ ከጎናቸው አይደል የምትቆመው? በአፍህ ንገራቸው እንጂ።"

"ለሌላው የዘጋሁትን ለራሴ ከከፈትኩ ምኑን በር ጠባቂ ሆንኩ?" አለኝ።

ሁለቱንም ስልኮች ኪሱ ከትቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

በስምንተኛው ቀን ልጁ ስም ሲወጣለት የሚቀምሳቸው ማሩ፣ ጨውና ውኃው ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ለአባባ የተዘጋጀው፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰው ወንበር ባዶውን ተቀመጠ። ላንሬ ጥቁር ልብሱን ለብሶ በራሱ ቤት በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ፀሐይ ከረረች፤ ለድግሱ የተሠራው የጆሎፍ ሩዝ ቀዘቀዘ፤ ሕፃኑ አለቀሰ።

"ላንሬ፣ ልጁ ስም አልባ ሊውል ነው?" አሉ አማቱ።

"ይመጣሉ።"

ሞሩንኬ ልጁን እንዳቀፈች ወደ በሩ መጣች። "አልነገርካቸውም፣ አይደል?" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። እሷም አልደገመችም፤ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እንባዋ በልጁ ላይ ወረደ።

እማማ አቤኬ የደረሱት ይሄኔ ነው። ላንሬ እንደ ልማዱ እጁን በሩ ላይ ዘረጋ። አሮጊቷ እጁን አዩት፣ እሱንም አዩት።

"አባባ ቢመጡ ኖሮ አታስገባኝም ነበር ልጄ። እንኳንም አልመጡ።"

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

እማማ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ነጩ ወንበር ላይ እያቃሰቱ ተቀመጡና ልጁን ተቀበሉ። ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ከንፈሩን አስላሱት። አማቱ ያዘጋጁትን ስም ጆሯቸው ላይ ነገሯቸው፤ እሳቸውም ጮክ ብለው ጠሩት፦ "አዮዴሌ"፣ ደስታ ቤት ገባ ማለት ነው። ሁላችንም ደገምነው። አባቱ ጀርባውን እንደሰጠን ደጅ ቆሞ ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ግን ከጎን አየሁት።

ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

"ግባ ላንሬ። ልጅህን እቀፍ።"

"አባባ ድንገት ቢመጡስ?"

"ቢመጡ እንደ ሰው ያንኳኳሉ" አልኩት፤ አስገብቼም በሩን ከኋላው ዘጋሁት።