የወፍጮ ማዶ ሰዎች ለምን ቀሩ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ይህን ያለው ሰው ሁለት ሺህ መስመር ኮድ በአንድ ፋይል ጽፎ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ፍለጋ የገባበት አይመስለኝም። በጽሑፍ ያለም ይረሳል። እንዲያውም በቃሉ የያዘ ሰው እንዳይጠፋበት ሲሰጋ በየጊዜው ያስታውሰዋል፤ የጻፈ ሰው ግን «ጽፌዋለሁ» ብሎ ይተኛል። እኔ ከተኙት ነኝ።

የምሠራው እንጅባራ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ ኑሮዬን ታውቁታላችሁ፤ ስልኩ የተቆለፈበትም ፕሪንተሩ ወረቀት የነከሰበትም የሚጠራው እኔን ነው። እድራችንም ጠራኝ። ሰው ሲሞት ለአባላቱ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሥራልን አለኝ። እስከዚያ ድረስ ቀብር የሚያስታውቁት አያ ሙላት ነበሩ፤ ጥሩምባቸውን ይዘው በማለዳ ከሰፈር ሰፈር ይዞራሉ። ጉልበታቸው ሲደክም ግን መንገዳቸውን ተራ በተራ ነገሩኝ። እኔም እያንዳንዱን ሰፈር ለብቻው አንድ ክፍል አድርጌ፣ እሳቸው በሚጠሩበት ስም ጻፍኩት፤ ቀርቀሃ በር፣ ወፍጮ በር፣ ወፍጮ ማዶ፣ ከብት ተራ እያልኩ። ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ባለፈው ወር የእትዬ ጥሩዬ ባል አረፉ። እትዬ ጥሩዬ ቤታቸው ወፍጮ በር፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ቀብሩ ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም፣ ከወፍጮ ማዶ በቀር። ከዚያ ሰፈር አንድም ሰው አልነበረም። እኔም የምኖረው እዚያው፣ ከወንዙ ማዶ ነው። የሰማነው በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። ተንጋግተን ለቅሶ ብንሄድ እትዬ ጥሩዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩብን። እኛ አገር ቀብር መቅረት መርሳት አይባልም፤ አንድ ነገር ተናግሮ እንደ መሄድ ነው። እሳቸውም መለሱልን። «የነሱ ሰው ሲሞት እኔም አልሰማም» አሉ ተብሎ ቃሉ ሳይውል ሳያድር ደረሰን።

የእድሩ ዳኛ ጠርተው፣ መልእክቱ ለወፍጮ ማዶ መድረስ አለመድረሱን እንዳጣራ እስከ እሑድ ስብሰባ ድረስ ጊዜ ሰጡኝ። ለእኔ ባይደርሰኝም፣ መልእክቱ ደርሷቸው ከቀሩ ጎረቤቶቼ ያፍራሉ፤ ሳይደርሳቸው ከሆነ ደግሞ የማፍረው እኔ ነኝ። የቱን እንደምመኝ ለራሴም ግራ ገባኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ፋይሉን ከፈትኩት። ወደ ታች ብወርድ አያልቅ፣ ወደ ላይ ብወጣ አያልቅ። ያኔ ነው፣ ለሰው ስመክር ኖሬ ለራሴ ያላደረግኩት ነገር ትዝ ያለኝ። ኮድ የምጽፍበት ኤዲተር፣ ተጨማሪ ነገር ከተጫነለት፣ በስክሪኑ ግራ በኩል የፋይሉን ማውጫ ይዘረግፋል፤ መጽሐፍ ፊት ላይ እንዳለው ማለት ነው፣ ስሙን ስትነኩት ቦታው ድረስ ያደርሳችኋል። ልጭነው ስል ኔትወርኩ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመለስ ጫንኩት፤ ማውጫው ባዶ ሆነ። ለካ ፋይሉን እንደ ተራ ደብዳቤ ሰይሜ አስቀምጬው ኖሮ፣ ኤዲተሩ ኮድ መሆኑን አላወቀም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያውቅ መኖሩ ነው። ስሙን ቀየርኩለት፤ ሰፈሮቹ በግራ በኩል ተደረደሩ።

በዚህ መሃል አያ ሙላት ገቡ። ነገሩን ሰምተው ነው የመጡት፤ ሊፈርዱብኝ ይሁን ሊያግዙኝ ፊታቸው አይናገርም። ወንበር ሳብኩላቸው። ስክሪኑን ለጥቂት ጊዜ በዓይናቸው ከቃኙት በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ ምን ዓይነት አዟዟር ነው? ከብት ተራን ከወፍጮ በር ያስቀደመው ማነው?»

«በፊደል ተራ ነው የደረደረው፣ አያ።»

«ሰው በፊደል ተራ አይኖርም፣ ልጄ።»

እውነት ነው። አንድ ቦታ ነካ አድርጌ፣ ማውጫው በፋይሉ ውስጥ በተጻፈበት ቅደም ተከተል እንዲሰለፍ አዘዝኩት። አያ ሙላት ፊታቸው ፈካ። መንገዳቸው ነበር። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ ለራሳቸው በአገውኛ እያንሾካሾኩ፣ በየደጁ ቆም እያሉ ወረዱ። ቀርቀሃ በርን አለፉ። ወፍጮ በር ደረሱ። ከዚያ ጣታቸው ከብት ተራ ላይ አረፈና ቆመ።

«ወንዙን ሳልሻገር ከብት ተራ አልደርስም። ወፍጮ ማዶ የት ሄደ?»

ከወፍጮ በር ጎን አንዲት ትንሽ ቀስት አለች። ነካኋት፤ ተዘረጋች። ወፍጮ ማዶ ከውስጥ ወጣ፤ ግን ከሌሎቹ እኩል አልተሰለፈም፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከወፍጮ በር ሥር ተወትፏል። በዚህ የኮድ አጻጻፍ ገባ ተደርጎ የተጻፈ ነገር በላዩ ላለው ነው የሚሆነው፤ ለብቻው የሚጠራው የለም፣ መልእክትም አይሄድለትም። ባለፈው ክረምት አንድ ነገር አስተካክላለሁ ብዬ አራት ክፍት ቦታ ገፍቼው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ እስከ እትዬ ጥሩዬ ባል ድረስ ከእድራችን የሞተ ስላልነበረ ማንም አላወቀም።

«ይኸ ሰፈር የማንም ጓሮ ሆኖ አያውቅም» አሉ አያ ሙላት፣ ቀስ ብለው። ያን ቀን ከተነገረኝ ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ።

እሑድ ለስብሰባው አስረዳሁ። ሰው ቅር ቢለውም «የማሽን ነገር» ብሎ አለፈኝ፤ ማሽኑ እጅ እንደሌለውና ወደ ውስጥ የገፋው የኔ እጅ መሆኑን ብናገርም መስማት የፈለገ የለም። ጥሩምባው ለማንኛውም ከግድግዳው ይውረድ ተባለ። አያ ሙላትን በማግስቱ ሲወለውሉት አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ዳኛው የወፍጮ ማዶን ሰው ሰብስበው፣ እኔን ከፊት አስቀድመው፣ እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ለይቅርታ ወሰዱን።

እኔ ነኝ የተናገርኩት። ጎረቤቶቼ እንዳልተነገራቸው፣ የቀሩት ንቀው እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። ማውጫውንም ጠቀስኩ፤ ምን እንደመሰላቸው እንጃ። እትዬ ጥሩዬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሥተው ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ሳሙ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የኮምፒውተሩን አምኜሃለሁ» አሉኝ። «የባሌ አስከሬን የወጣ ዕለት ግን በባጃጅ በደጄ አልፈሃል፤ አይቼሃለሁ። ድንኳኑን አላየኸውም?»

አይቼዋለሁ። ድንኳኑንም፣ ከደጁ የቆመውንም ሰው አይቻለሁ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ስልኬን አወጣሁ፤ መልእክት የለም። የሌላ እድር ይሆናል ብዬ ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩት። ይህን ለዳኛውም ለአያ ሙላትም አልነገርኳቸውም፤ እስከዚያች ደቂቃ ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ቁጭ በል አሉኝ። ተቀመጥኩ።