አንድ ኮከብ የሰጠው ሰው

ሰው ሁሉ ተስማምቶ «ጥሩ ነው» ሲል እጠራጠራለሁ። እናንተስ? እኔ እንዲህ ነኝ። አቮካዶ ስገዛ ሻጯ «ዛሬ የሚበላ ነው» ካለችኝ አልገዛም፤ ዝም ካለችኝ እገዛለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ፊርማ ከፊርማ፣ ማኅተም ከማኅተም ሳስተያይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች። ትበል።

ደግሞ በእኛ ከተማ «እንዴት ነው?» ተብሎ ተጠይቆ «አይረባም» ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአማርኛ ብትጠይቁት «ጥሩ ነው» ይላችኋል። በወላይትኛ ብትጠይቁት «ሎኦ» ይላችኋል፤ ያው ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ኮት አሰፋሁ። ለካ የግራ እጅጌው ከቀኙ አራት ጣት ይረዝማል። ሠርገኛው ሁሉ እያቀፈ «እንዴት አምሮብሃል» አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አንጁሎ ብቻ ምንም አላለም። መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ረጅሙን እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈው፣ በመርፌ ቁልፍ ያዘልኝና ወደ ምግቡ ሄደ። ያን ቀን ተቀይሜው ነበር። ፎቶው ሲመጣ ነው የገባኝ።

ጋሼ አንጁሎ ሻንቶ በምትባል ቅርብ ከተማ እህል ይነግዳል። ሰላማዊት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች። ሥራ ትይዛለች ብለን ስንጠብቅ፣ እኔ ቤት አንዷን ክፍል ዘግታ ጌም መሥራት ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ። ምሳ ስንጠራት «መጣሁ» ትላለች፣ እራት ላይ ትመጣለች።

ጌሙን ልንገራችሁ። ክንፍ ያወጣች ባጃጅ አለች። ሾፌሯ መነጽር ያደረገች ፍየል ናት። ባጃጇ ከዳሞታ ተራራ በላይ ትበራለች፤ ከሰማይ አቮካዶ፣ ዝንጅብልና ጎደሬ እንደ በረዶ ይወርድባታል። ፍየሏ በቆሎ እየተኮሰች በመሃል በመሃል ትሾልካለች። ስክሪኑ ከመሙላቱ የተነሳ ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም። ሰላማዊት እንዳስረዳችኝ፣ ጥይት እንደ ዝናብ የሚወርድበት እንዲህ ያለ ጌም በዓለም የታወቀ ነው፤ የእሷ ግን የሚያስቅ ነው። «ፍየሏ መነጽር ለምን አደረገች?» አልኳት። «ሩቅ አይታያትማ፣ አጎቴ» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ?

አባቷ ግን የሚላት ነበረው። አንድ ቅዳሜ ከሻንቶ መጣና በሩ ላይ እንደቆመ ነገራት። እስከ ጊፋታ፣ እስከ ወላይታ ዘመን መለወጫ ድረስ፣ ዘመዷ ያልሆነ ሰው ተጫውቶት ወደድኩት ካለ ትቀጥል። ካልሆነ ቦምቤ ከተማ የጸሐፊነት ቦታ ተገኝቶላታል፤ ትገባለች። በቃ። ሰላማዊት «እሺ አባዬ» አለች፤ ከንፈሯ ግን ደረቀ። ቦምቤን ጠልታ አይደለም። እዚያ ከገባች ፍየሏ አየር ላይ እንደተንጠለጠለች እንደምትቀር ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ልጅቷን ደግሞ እወዳታለሁ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ።

ነሐሴ ላይ ጌሙ ስልክ ላይ የሚወርድበት ስቶር ውስጥ ገባ። አንድ ሳምንት ሆነው፤ ዝር ያለ ሰው የለም። ሰላማዊት በየሰዓቱ ከፍታ ታያለች፣ ትዘጋለች። ሆዴ አልቻለም። ወደ እድራችን ሊቀመንበር ወደ አቶ ወልዴ ሄድኩ።

አቶ ወልዴ እሁድ ከስብሰባው በኋላ ተነሱና ተናገሩ። የአባላችን የወንድም ልጅ አንድ ነገር ሠርታለች፣ ሁሉም በስልኩ አምስት ኮከብ ይስጥ፣ ስልኩ የማይችል በልጁ ስልክ ይስጥ አሉ። በመጨረሻም «ስም ይያዛል» አሉ። በእኛ እድር «ስም ይያዛል» ከተባለ የታመመም ይነሳል።

በማግሥቱ እስከ ምሳ ሰዓት ኮከቡ ጎረፈ። «ጥሩ ነው።» «በጣም ጥሩ ነው።» «ጥሩ ነው፣ በርቺ።» አንዱ ጣቱ የለመደው የእድሩን መልእክት ስለሆነ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ከጎንሽ ነን» ብሎ ከአምስት ኮከብ ጋር ላከ። እኔም «ድንቅ ጌም ነው፣ አንዴ ከጀመሩት አያስቆምም» ብዬ ጻፍኩ። ሰላማዊት የእድሩን ነገር አልሰማችም። እያነበበች ስትስቅ በበሩ ቀዳዳ አይቼ ደስ አለኝ። ደግ ሠራሁ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ኮከብ መጣ።

ስሙን «መንገደኛ» ብሏል። የጻፈውን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ባጃጇ ወደ ግራ ስትታጠፍ ትዘገያለች። ሁለተኛው ሌቭል ላይ ዝንጅብሉ ሳይታይ ይወርዳል፣ ይሄ ተንኮል ነው። ፍየሏ ስትመታ ድምፅ የላትም። ፍየል ዝም ብላ አትሞትም። ያላለቀ ሥራ ነው።»

ደሜ ፈላ። ማነው ይሄ? መንገደኛ ከሆነ መንገዱን አይሄድም? ምቀኛ ነው አልኩ። ቅርባችን ያለ ምቀኛ ነው። ማጣራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያሬድን ነው፤ አብሯት የተማረ፣ ላፕቶፕ የሚጠግን ልጅ። እሱም ጌም ይሠራል ይባላል። ሱቁ ሄጄ ስለ ዝናቡ አወራሁት፣ ስለ መብራት አወራሁት፣ ከዚያ ድንገት ስለ ፍየሏ ጠየቅኩት። አምስት ኮከብ እንደሰጠ ማለልኝ። «እስቲ አሳየኝ» ስለው ጌሙ ስልኩ ላይ የለም። ቦታ ስለያዘበት ኮከቡን ሰጥቶ ወዲያው አጥፍቶታል።

ቀጥሎ አንድ የባጃጅ ሾፌር ጠረጠርኩ፤ ባለፈው ሳምንት ስለ ማውረጃ ቦታ ተጨቃጭቀናል። ባጃጅ የሚበር መሆኑ ሳያናድደው አይቀርም ብዬ ነው። ተሳፈርኩና ወሬ ጀመርኩ። እሱም ሚስቱ እድራችን ስላለች አምስት ሰጥቷል። ይልቅ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ያ ነገር ምንድን ነው? የባንክ ነው እንዴ?» አለኝ።

በመጨረሻ አቶ ወልዴን ራሳቸውን ጠረጠርኩ። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ፍየሏን እንዴት እንዳገኟት ጠየቅኳቸው። «የምን ፍየል?» አሉኝ።

ፍረዱኝ እንግዲህ። ከተማው ሁሉ ሳያይ ይመሰክራል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ መካከል እንዴት ይኖራል ብዬ ስብሰለሰል ቤት ደረስኩ። ሰላማዊት ሳሎን ቁጭ ብላለች፣ ስልኳ ጭኗ ላይ ነው። ከስቶሩ የመጣ መልእክት ዘረጋችልኝ። ከአንድ አካባቢ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል የመጡ አስተያየቶች አጠራጣሪ ሆነው ስለተገኙ ተሰርዘዋል ይላል። የእድሩ ኮከብ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የእኔም ጭምር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ እኔ በማሽን ተጠረጠርኩ።

የቀረው መንገደኛ ብቻ ነው። ከአንዷ ኮከቡ ጋር።

«አንተ ነህ አይደል ሰዉን የነገርከው?» አለችኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አፈርኩ። የእግሬን ድምፅ እየፈራሁ በገዛ ቤቴ ውስጥ እንደ ሌባ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ዓይኗ አብጦ ፊቷ በርቶ ወጣች። «አጎቴ፣ ይሄ መንገደኛ እኮ ተጫውቶታል» አለችኝ። የሚለው ሁሉ ልክ ነው አለች። ያን ሳምንት ባጃጇን አስተካከለች፣ ዝንጅብሉን አዘገየች፣ ለፍየሏ ድምፅ አበጀች። ድምፁን የቀዳችው ከጎረቤት ፍየል ነው፤ ፍየሏን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አዲሱ በወጣ በሁለተኛው ቀን መንገደኛው ተመለሰ። ኮከቡን ሁለት አድርጎታል። «ተሻሽሏል። ነገር ግን ሰባተኛው ላይ ከሰማይ የሚወርደው የበቆሎ ጆንያ ጆሮ የለውም። ጆንያ ሲሰፋ በሁለቱ ጫፍ መያዣ ጆሮ ይተውለታል። ያለ ጆሮ በምን ያነሱታል?»

ሰላማዊት ሰባተኛው ድረስ ሰው መድረሱን እያሰበች ስትፈነጥዝ፣ እኔ ጆንያው ላይ ቀረሁ። ከሰማይ ጎደሬ እየወረደበት፣ ሞት አፍንጫው ላይ ደርሶ፣ የጆንያ ጆሮ የሚያይ ምን ዓይነት ሰው ነው? በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ በሚኒባስ ሻንቶ ሄድኩ።

ጋሼ አንጁሎ ሱቁ ውስጥ፣ በጆንያዎቹ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ባጃጇ ወደ ግራ ስትሄድ እሱም ወደ ግራ ይጋደላል። አንዲት ሴትዮ ጤፍ ልትገዛ ቆማለች። «ቆይ እናቴ፣ ይቺን ልለፍ» ይላታል። ፍየሏ ጮኸች፤ ጨዋታው አለቀበት።

«ጋሼ» አልኩት።

አልደነገጠም። ሴትዮዋን አስተናገደና በርጩማ አቀረበልኝ። የገዛ ልጅህ ላይ አንድ ኮከብ ትሰጣለህ ወይ አልኩት። እኔ ምቀኛ ፍለጋ ከተማውን ሳምስ፣ ምቀኛው ወንድሜ ሆኖ ይገኛል ወይ አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሁለት ዓመት ምን ስትሠራ እንደነበር ልይ ብዬ ገባሁ» አለኝ። «ገብቼ መውጣት አቃተኝ። ጎበዝ ናት። ግን አላለቀም። ላላለቀ ነገር አምስት ልስጣት?»

«ሰው ሁሉ ሰጣት እኮ።»

«አንተም ሰጥተሃል አሉ» አለኝ። በመነጽሩ በላይ አየኝ። «ሦስተኛው ላይ ፍየሏ ምን ትሆናለች?»

«ትተኩሳለች» አልኩ።

«ሦስተኛው ላይ ፍየሏ ትተኛለች። ባጃጇን የምትነዳው ዶሮዋ ናት።»

ምን ልበላችሁ። ዶሮ መኖሯን ያን ቀን ሰማሁ። ያ ሁሉ ማጣራት፣ ያ ሁሉ «ሳያይ ይመሰክራል» ማለት፣ ጌሙን ግን አንድ ቀን አልከፈትኩትም። ጋሼ አንጁሎ የኮቴን ኮሌታ አስተካከለልኝና ለልጅቷ እንዳልነግር አስምሎ ሸኘኝ።

ጊፋታ ደረሰ። እኛ ቤት ተሰበሰብን፤ ሥጋው ቀረበ፣ ዳታ በርበሬው ቀረበ። ሰላማዊት አልበላችም። የመንገደኛው ኮከብ ሦስት ደርሷል፣ ከእሱ ሌላ ግን ሰው አልመጣም። አባቷ ስለ ቦምቤ እስኪያነሳ ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ። ጋሼ አንጁሎ እጁን ታጠበ፣ አፉን ጠረገ።

«ስምንተኛው የት አለ?» አላት።

«የምን ስምንተኛ?»

«ሰባተኛውን ጨረስኩ። ጆንያውም ጆሮ አበቀለ። ከዚያ ወዲያ ግን ነጭ ነው፣ ምንም የለም። ስምንተኛው የት አለ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ሰባተኛው ላይ የደረሰ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። «ቦምቤስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ቦምቤ ምን ታደርጋለች?» አለ ጋሼ አንጁሎ። «እኔን ሰባተኛው ላይ ጥላኝ ነው የምትሄደው?»

ይህን ካየሁ በኋላ ሐቀኛ ለመሆን ቆረጥኩ። ጌሙን አወረድኩና ተጫወትኩ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ከመጀመሪያው ሌቭል አላለፍኩም። ሐቅ ሐቅ ነው ብዬ፣ በሌላ ስም አንድ ኮከብ ሰጠሁ። «አቮካዶው በዝቷል፣ ሰው አያሳልፍም» ብዬ የሚሰማኝን ጻፍኩ። ልቤ ቀለለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ አንጁሎ ከሻንቶ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል።

«ሰማህ? አንድ ምቀኛ ተነስቶብናል። አቮካዶ በዛ ይላል። ከሶዶ ሳይሆን አይቀርም። አንተ መጠርጠር ታውቅበታለህ፣ ማን እንደሆነ አጣራልኝ» አለኝ።

«እሺ ጋሼ፣ እያጣራሁ ነው» አልኩት።